ሳሎናችን ውስጥ ያለው ዕቃ፦ ጌጥ ነው ወይስ አደራ?

(ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ የሚኖር ያገራችን ሰው ቤት ከውጭ ሲታይ ከጎረቤቱ ቤት አይለይም። ጋርላንድ ይሁን ፕሌኖ፣ አርሊንግተን ይሁን ሪቻርድሰን፣ ያው ቀይ ጡብ፣ ያው ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ፣ ያው በበጋ ሐሩር የተጠበሰ ሣር ነው። በሩ ሲከፈት ግን እንግዳው ሌላ አገር ይገባል። ጥግ ላይ ቆዳ የተለበጠ መሶብ ቆሟል። ረከቦቱ ላይ ሲኒዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትናንሽ ሣጥን ተከፋፍሎ ተሥሏል። ከቴሌቪዥኑ በላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ጎን የአድዋ ዘመቻ ሥዕል አለ። አንዳንዱ ቤት ጋሻና ጦር አይጠፋም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ባለቤቱ ከመሳቢያ አውጥቶ በኩራት የሚያሳየው የብራና መጽሐፍ ይኖራል።

አሮጌ ዕቃ ሰብስቦ ቤት ማስጌጥ ለአሜሪካኖች የጊዜው ፋሽን ነው። እኛ ናፍቆት እንለዋለን። ስሙ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው። ለመሆኑ ይህ ዕቃ ምንድን ነው? ከየት መጣ? በምን መንገድ እጃችን ገባ? እኛ ስናልፍስ ወዴት ይሄዳል? ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

የካንተን ሰኞ

የጥንት ዕቃ ገበያ ማየት የፈለገ ሰው ከዳላስ በአውራ ጎዳና 20 ወደ ምሥራቅ 60 ማይል ያህል ይንዳ። ካንተን የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። የገበያዋ ስም «የመጀመሪያ ሰኞ» ነው። ታሪኩ ወደ 1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይመለሳል። ተዘዋዋሪ ዳኛ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ችሎት ሊያስችል ሲመጣ፣ ለክርክርም ለወሬም የተሰበሰበው ባላገር ፈረሱንና እህሉን ይዞ መገበያየት ጀመረ ይባላል። ያገራችን ሰው ይህን ሲሰማ አይገረምም። እኛም ዘንድ ገበያ ቀን ማለት ሸማኔና ሸክላ ሠሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አማችና ምራት በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት ቀን ነበርና። ዛሬ የካንተን ገበያ የሚቆመው ከመጀመሪያው ሰኞ በፊት ባሉት ከሐሙስ እስከ እሑድ ነው። ስሙን አምኖ ሰኞ ዕለት የሄደ ሰው ገበያው አልፎት ይደርሳል።

እዚያ ምን አለ? የማይገኘውን መቁጠር ይቀላል። እኛን ግን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመን ሦስት ዕቃ ነው፦ በእግር የሚረገጠው ጥቁሩ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና፣ የላምባ ፋኖስና የከሰል ካውያ። አሜሪካዊው የሲንጀሩን እግር ነቅሎ ጠረጴዛ ያደርገዋል። እኛ ግን ስናየው የሚታወሰን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ለፋሲካ ያዘዝነውን ሱሪ ከቀጠሮው በሦስት ቀን አሳልፎ የሚሰጠን ሰው። ካውያውም እንዲሁ ነው። ከሰሉ የተራገበበት ያ የጠዋት ጢስ አፍንጫችን ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ገበያው የሚያስተምረን የመጀመሪያው ነገር አለ። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ሲንጀር በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ስላመረተ፣ አያታችን ዘመን የተሠራው እንኳ ብዙ ጊዜ ውድ አይደለም። በአንጻሩ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ዳላስ የሆነው ሄሪቴጅ ኦክሽንስ የተባለ የጨረታ ድርጅት በዲሴምበር 2024 አንድ ጥንድ ቀይ የሴት ጫማ በ32.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። ጫማው በ1939 በወጣው «የኦዝ ጠንቋይ» ፊልም ላይ ተዋናይቷ ጁዲ ጋርላንድ ያደረገችው ነው። በ2005 ሚኒሶታ ከሚገኝ ሙዚየም ተሰርቆ፣ በ2018 በኤፍ.ቢ.አይ. ተገኝቶ ለባለቤቱ የተመለሰ ዕቃ ነው። ገዢው የከፈለው ለጨርቁና ለጨሌው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የከፈለው ለታሪኩና ታሪኩን ለሚያረጋግጠው ማስረጃ ነው። ማን አደረገው፣ መቼ ተሰረቀ፣ እንዴት ተመለሰ የሚለው ሁሉ ተጽፏል።

እስቲ ወደራሳችን ቤት እንመለስ። መሶባችንን ማን እንደሰፋው የጻፍን ስንቶቻችን ነን?

መቶ ዓመት የሞላውና ያልሞላው

በንግዱ ቋንቋ «አንቲክ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክም የሚከተለው ይህንኑ የመቶ ዓመት ድንበር ነው። «ቪንቴጅ» የሚባለው ደግሞ ከዚያ የሚያንስ፣ ነገር ግን የአንድ ዘመን መልክ የያዘ ዕቃ ነው። ድንበሩ ልል በመሆኑ ነጋዴ እንደፈለገ ይጠቀምበታል።

ያገራችንን ዕቃ በተመለከተ ሰው በብዛት የሚታለለው በጠገራ ብር ነው። የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያሳየው አንድ ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው፤ 1780። ይህም ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች ሲመታ ኖሯል፤ ቪየና እስከ ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ «የ1780 ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጠገራ የሁለት መቶ ዓመትም፣ የሃያ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ንጥሩም 83 በመቶ ገደማ ስለሆነ የብርነት ዋጋ አለው። የጥንትነት ዋጋውን ግን ሻጩ ማስረዳት አለበት። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈበት፣ መጀመሪያ ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ሌላ ነው። ከ1887 ዓ.ም. የሚጀምር የራሱ ታሪክ አለው። እሱም ቢሆን በተመሳሳይ ቅጂ ስለሚጭበረበር ሚዛንና ዓዋቂ ይፈልጋል።

ሥዕልና ብራናም ከዚህ አያመልጡም። ትናንት የተሣለ ሥዕል በጢስና በቅባት ጠቁሮ፣ እንጨቱ ተሰነጣጥቆ፣ «የጎንደር ዘመን» ተብሎ ይሸጣል። ይህ ማታለል ነው፤ ጉዳቱም በገዢው ኪስ ላይ ያበቃል። የከፋው ግን ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ነው። ነጋዴው አንድን የብራና መጽሐፍ በሙሉ ከሚሸጠው ቅጠል ቅጠሉን ቀዶ በፍሬም ቢሸጠው የበለጠ ያተርፋል። ሥዕል ያለበት ገጽ አንድ ሳሎን፣ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ሌላ ሳሎን ይገባል። አንድ ደብተራ ዓመት ሙሉ ቀለም በጥብጦ፣ ብዕር ቀርጾ የጻፈው መጽሐፍ እንደ ቅርጫ ሥጋ ይከፋፈላል። እንዲህ ያለ ነጠላ ቅጠል በፍሬም ሲቀርብልን «ቀሪው የት ሄደ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለ አንግዛ።

በእጅ የያዙት ወርቅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ጋሻና ጦር ስንፈልግ እውነተኛውን ሀብት በካርቶን ጠቅልለን ጋራዥ የምንወረውር ብዙዎች ነን።

ሸክላ አንዱ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎች አሳትሟል። ያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት የመንግሥት ነው ይባል ስለነበር፣ ወጣቱ አምሃ ያደረገው ድፍረት ነበር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ2021 አረፈ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክ» በሚል ተከታታይ ያንን ዘመን ለዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ፣ የዓለም ሰብሳቢ ያንን ሸክላ በመብራት ይፈልገዋል። አንዳንዱ ኦርጅናል በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ከሱዳን ስደት ይዘነው የመጣነው፣ ወይም አጎታችን የተወልን ሸክላ ግን በቴክሳስ ነሐሴ ጋራዥ ውስጥ እንደ ምጣድ ጠርዝ ይጣመማል።

ጋዜጣም ሌላው ነው። እኛ በመንግሥት ጋዜጣ ውስጥ በሠራንበት ዘመን አንባቢያችን ሁለት ዓይነት እንደነበር እናውቅ ነበር። አንዱ ገዝቶ የሚያነብ ነው። ሌላው ደግሞ የጭቃ ግድግዳውን የሚለብጥበት። አርታዒ ሌሊቱን ሲያርመው ያደረው ርዕሰ አንቀጽ ከወር በኋላ በአንድ ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ተዘቅዝቆ በማጣበቂያ ተለጥፎ ይገኝ ነበር። እንዲህ ስንል ለማሾፍ አይደለም። ስንቱ ልጅ ፊደል የለየው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው! አዲስ ዘመን ከተቋቋመበት ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ያገሪቱ የዕለት ገድል በዚያ ወረቀት ላይ አለ፤ እውነቱም፣ ተገደን የጻፍነውም። ዳላስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መገደል ያወጣ የከተማዋ ጋዜጣ በመስተዋት ፍሬም ተሰቅሎ ይታያል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱበትን ዜና የያዘ ጋዜጣ ያስቀመጠ ያገራችን ሰው ካለ፣ ከማንኛውም ጋሻ የበለጠ የግድግዳ ጌጥ አለው። ባማርኛ ፊደል የተሠራ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ያለውም እንዲሁ። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከመኪናው ጋር ለማስማማት የደከሙበት ታሪክ ባንድ ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

በሻንጣ የመጣው ዘውድ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ቤታችን ያለው ዕቃ የኛ ካልሆነስ?

በሆላንድ ሮተርዳም የሚኖረው ሲራክ አስፋው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካገሩ የተሰደደ ሰው ነው። ቤቱ እንደ ብዙዎቻችን ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ክፍት ነበር። በ1998 አንድ እንግዳ ትቶት ከሄደው ሻንጣ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዘውድ አገኘ። ዘውዱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በትግራይ ከሚገኘው ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጡት ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ሲራክ ዘውዱ ከቤቱ እንዳይወጣ ከለከለ። ለነጋዴ አልሸጠውም። ተመልሶ ይሰረቃል ብሎ ስለሰጋም ለማንም ሳይሰጥ 21 ዓመት በአፓርታማው ደብቆ ጠበቀው። በመጨረሻ የጥበብ ሥራዎችን በሚያፈላልገው ሆላንዳዊ አርተር ብራንድ እርዳታ፣ በፌብሩዋሪ 2020 ዘውዱ አዲስ አበባ ገባ።

«ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል አጉል ተረት አለን። ይህ ስደተኛ ያንን ተረት በተግባር ሽሮታል። ጌጥ ሳይሆን አደራ አድርጎ ይዞታል። ዘውዱን ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎ እንግዳ ቢያስደምምበት ማን ይከለክለው ነበር?

የተዘረፈው ግን አንድ ዘውድ ብቻ አይደለም። የ1868ቱን የመቅደላ ዘረፋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ የተወሰደ አንድ ታቦት በ2001 ኤዲንብራ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 ተመልሷል። በ2021 ደግሞ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ የቀረቡ የመቅደላ ዕቃዎች ከጨረታው ወጥተው፣ ከሌሎች ጋር ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተሰርቆ ቤልጂግ ከደረሰ በኋላ በ1999 ተመለሰ። በ2020 የተጀመረው ጦርነት ብዙ ገዳማትንና አድባራትን ካራቆተ ወዲህም የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት ገበያ ላይ በርካሽ ሲቀርቡ መታየታቸውን በ2022 የዓለም ጋዜጦች ዘግበዋል። ልብ እንበል! ያንን ገበያ የምንከፍተው በስልካችን ነው።

ሕጉም ቀላል አይደለም። ባገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ካገር ማውጣትን ይከለክላል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሌባ የሰረቀውን ዕቃ ባለቤትነት ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ስለዚህ «አላወቅሁም፣ ገዝቼ ነው» ማለት ዕቃውን ከመነጠቅ አያድንም። ትልልቆቹም አልቀረላቸውም። እዚሁ መሐል ከተማ ያለው የዳላስ አርት ሙዚየም በ1999 ከጨረታ የገዛውን፣ በ194 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን የኦርፊየስ ሞዛይክ በ2012 ለቱርክ አስረክቧል። ሞዛይኩ ከመሬት ሲወጣ የተነሳ ፎቶግራፍ ተገኝቶ ነበርና። ለሙዚየም ያልቀለለ ጉዳይ ለግለሰብ አይቀልም።

የዝሆን ጥርስና የነብር ቆዳም ሌላ ጣጣ አላቸው። ከጁላይ 2016 ጀምሮ በአሜሪካ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ተከልክሏል። ከመቶ ዓመት በላይ ነው የሚል ሰው በሰነድ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ካገር ቤት «ለግድግዳህ ይሁንህ» ተብሎ የተላከ ቆዳ ኤርፖርት ላይ ቢያዝ አያስደንቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሰው ቤቱን ባገሩ ዕቃ ማስጌጡን ይተው አንልም፤ እንዲያውም ያስጊጥ! ዛሬ ካሉ ባለሙያዎች መሶብ፣ ጀበና፣ የጅማ በርጩማ፣ የሸማኔ ጥበብ ቢገዛ የሚጠቀመው ሠሪው ነው። ደረሰኝ ይቀበል። ቦሌ ላይም አያሳፍርም። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ጽና ወይም ዘውድ ሲቀርብለት ግን «ከየትኛው ደብር?» ብሎ ይጠይቅ።

እጃችን ያለውን አያያዝም እንወቅ። የቴክሳስ ጋራዥና ኮርኒስ በበጋ ምድጃ ነው። ብራና፣ ሸክላ፣ ፎቶግራፍና ጋዜጣ እዚያ አይቀመጥም፤ ሰው በሚኖርበት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን። ብራና እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቅበት ይጨማደዳል። በፕላስተር አይለጠፍ፣ በላስቲክ አይታሸግ። ሸክላ ተጋድሞ ሳይሆን ቆሞ ይቀመጥ። የመሶብ ቀለም በመስኮት ፀሐይ ይለቃል። የብር መስቀል በየበዓሉ በኃይል ከተፈተገ ቅርጹ ይደበዝዛል።

ከሁሉም በላይ ግን እንጻፍ። ለያንዳንዱ ዕቃ አንድ ወረቀት ይበቃል። ማን ሠራው? የማን ነበር? ከየት አገር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በማን እጅ መጣ? ፎቶግራፉ ይነሳ። እናት ወይም አያት በሕይወት ካሉ ስለ ዕቃው ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀዳ። የብራና መጽሐፍ ያለው ሰው ደግሞ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘውን የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት ማማከር ይችላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተካሄደ ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የተነሱት ለዚያ ስብስብ ነው። በደርግ ጥይት ቆስለው የተሰደዱት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በ2021 እስካረፉ ድረስ ስማቸው የተቆራኘው ከዚሁ ቤት ጋር ነበር። አንድ መጽሐፍ ከየትኛው ደብር እንደጠፋ ሊታወቅ የሚችለው እንዲህ ያለ መዝገብ ስላለ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሱዳን ወደ ዳላስ የመጣው ትውልድ አርጅቷል። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ልጆቹ የቤቱን ዕቃ በሁለት ቀን «ኢስቴት ሴል» ይሸጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ሽያጭ ላይ አንድ መሶብ አይተናል። «የአፍሪካ ቅርጫት፣ 15 ዶላር» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ስፌቱ የወሎ እጅ ነው ብለን ገመትን። ሻጩ ወጣት በትሕትና «የእናቴ ነው፣ የልብስ ማጠራቀሚያ ይመስለኛል» አለን። ክፉ ልጅ አልነበረም። የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው። እናቱ ያንን መሶብ ይዘው ስንት ድንበር ተሻግረው ይሆን?

ልጆቻችን ዕቃውን ላይፈልጉት ይችላሉ። ቤታቸው ጠባብ፣ ምርጫቸውም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መብታቸው ነው። ታሪኩን አውቀው ቢሸጡት፣ ለሙዚየም ቢሰጡት፣ ወይም ወደመጣበት ደብር ቢመልሱት ግን ዕቃው ስም አለው። ስሙን ልንሰጠው የምንችለው ደግሞ ዛሬ፣ አስታዋሹ በሕይወት ሳለ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ከሳሎኑ አንዱን ዕቃ መርጦ አንድ ወረቀት ይጻፍለት። ነገ ደግሞ ሁለተኛውን።

ቸር ይግጠመን።